ፖሊሲው ሠራ ወይስ አልሠራም? ከመመዘኛ መንገዶች የትኛውን እንምረጥ

ጣና ላይ እምቦጭ በይፋ ከታወቀ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። የታወቀው በ2011 ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመቻ ተካሂዷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውን የአንድ ወር ዘመቻ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ከዘመቻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ አረሙ በፊት ይህን ያህል ሄክታር ሸፍኖ ነበር፣ አሁን ይህን ያህል ቀርቷል፣ ስለዚህ ዘመቻው ውጤታማ ነው።

ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክረምቱ ሲወጣ ከየወንዙ ደለልና ማዳበሪያ ይዞ የገባው ውኃ አረሙን ያፋፋዋል። በጋው ሲገፋ ደግሞ ሐይቁ ይሸሻል፣ ዳር ላይ የቀረው አረም ይደርቃል። ጥቅምት ላይ ለክተን ጥር ላይ ደግመን ብንለካ፣ ማንም እጁን ሳያስገባበት ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል። ታዲያ ከቀነሰው ውስጥ የሰው ድካም ድርሻ ስንት ነው?

የዓለም የሕዝብ ፖሊሲ ክርክር ብዙው የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ሜክሲኮ ለድሃ እናቶች ገንዘብ ስትሰጥ፣ ሕንድ ለገጠር መንደር መንገድ ስትሠራ፣ እኛም ለገበሬ የመሬት ደብተር ስንሰጥ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ባይደረግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? «ባይደረግ ኖሮ» ያልነውን ዓለም ማንም አላየውም። ኢኮኖሚስቶች ላለፉት ሠላሳ እና አርባ ዓመታት የደከሙት እሱን በቅርበት የሚመስል ማነጻጸሪያ ለማግኘት ነው። የ2019 እና የ2021 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማቶችም ለዚሁ ሥራ የተሰጡ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ለምትማሩ፣ በየቢሮው በዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ለምትሠሩ፣ ወይም ሪፖርት ስታነቡ «ይህ እውነት ነው?» ብላችሁ ለምትጠይቁ ነው። መንገዶቹ ብዙ ናቸው። ብዙ ሰው የሚመርጠው የሚያውቀውን ሶፍትዌር ወይም ስሙ ከበድ ያለውን ዘዴ ነው። እኔ ግን አጥብቄ የምለው አለ፦ ዘዴውን የሚመርጥላችሁ ፕሮግራሙ ለሰዎቹ የደረሰበት መንገድ ነው። በዕጣ ነው? በተራ ነው? በማለፊያ ነጥብ ነው? በራሳቸው ፍላጎት ነው? ወይስ በአንድ ጊዜ ለሁሉም? ይህን ሳታጣሩ ዳታ አትክፈቱ።

በፊትና በኋላ

ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። መነሻ ጥናት ይሠራል፣ ፕሮግራሙ ይካሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ይለካል። ከችግሩ ጋር ለመተዋወቅ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እዚያም እምቦጭ ነበር፣ ከእኛም የከፋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ፣ ቀጥላም ኬንያ፣ አረሙን የሚበሉ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛዎችን ለቀቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አረሙ በከፍተኛ መጠን ወደቀ። ጥንዚዛዎቹ አሸነፉ ተባለ። ግን በ1997 እና 1998 ኤልኒኖ ያመጣው ዝናብና ማዕበል በዚያው ሐይቅ ላይ ወርዷል። አረሙን የጣለው የቱ ነው? ተመራማሪዎች ለዓመታት በጽሑፍ ተከራክረዋል። በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ሐይቆች በአንዱ ላይ፣ ያ ሁሉ ሳይንቲስት ባለበት፣ በፊትና በኋላን ማወዳደር ብቻውን መልስ አልሰጠም።

ለጣና ደግሞ ሌላም ነገር ይጨመራል። የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከ1996 ጀምሮ የሐይቁን መውጫ ይዞታል። የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከ2010 ጀምሮ ውኃ ይስባል። የሐይቁ ከፍታ ሲለወጥ አረሙ የሚይዘው ዳርቻም ይለወጣል። ዝናቡ፣ ግድቡና ዘመቻው አንድ ላይ እየተንቀሳቀሱ፣ ለውጡን ሁሉ ለዘመቻው መስጠት አይቻልም።

ታዲያ በፊትና በኋላ መቼ ይበቃል? ውጤቱን ሌላ ነገር ሊያንቀሳቅሰው በማይችልበት ጊዜ። አንድ ቀበሌ ቦኖ ተከፈተ እንበል። ሴቶች ውኃ ለመቅዳት የሚፈጅባቸው ጊዜ ከ2 ሰዓት ወደ 20 ደቂቃ ቢወርድ፣ የዚያን ሳምንት ለውጥ ለዝናብ ወይም ለገበያ የሚሰጥ የለም። እንዲህ ላለው ነገር ከባድ ዘዴ መጠቀም ገንዘብ ማባከን ነው። የገቢ፣ የምርት፣ የጤናና የትምህርት ውጤት ግን በሺህ ምክንያት ይንቀሳቀሳል። እዚያ ላይ ይህን መንገድ ተዉት።

የወሰደና ያልወሰደ

ሁለተኛው የተለመደ መንገድ ተጠቃሚውን ካልተጠቀመው ጋር ማወዳደር ነው። ብድር የወሰዱ ቤተሰቦች ካልወሰዱት ይልቅ ብዙ በግና ላም አላቸው፣ ስለዚህ ብድር ሀብት ያመጣል ይባላል። ግን ብድር የሚወስደው ማን ነው? ቀድሞውንም ነቃ ያለው፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ያለው፣ ለመንገድ የቀረበው። ብድሩ ባይኖርም ይህ ሰው ከጎረቤቱ የተሻለ ይኖር ነበር።

ይህን በደንብ ያሳየ ጥናት እዚሁ እኛው አካባቢ ተሠርቷል። ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የብድር አገልግሎት የሚገባባቸው ቀበሌዎች በዕጣ ተመረጡ። በአማራ በኩል አበዳሪው አብቁተ ነበር፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ማለት ነው። ውጤቱ በ2015 ታተመ። ዕጣው በደረሳቸው ቀበሌዎች ብድር በእርግጥ ጨመረ። በሌላው የኑሮ ውጤት ላይ ግን ጎልቶ የሚታይ መሻሻል አልተገኘም። በዚያው ዓመት ከቦስኒያ፣ ከሕንድ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞንጎሊያና ከሞሮኮ የወጡ ተመሳሳይ ጥናቶች አብረውት ታትመዋል። መልሳቸው ተቀራራቢ ነው። ብድር ለአንዳንዱ ይጠቅማል፣ ለአንዳንዱ ነፃነት ይሰጣል፣ ድህነትን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ግን አልሆነም። ሙሐመድ ዩኑስና ግራሚን ባንክ የሰላም ኖቤል የተሸለሙት በ2006 ነው። በእነዚያ ዓመታት ዓለም ሁሉ ከብድር ብዙ ይጠብቅ ነበር። የተበዳሪና ያልተበዳሪ ንጽጽር ብቻ ቢኖረን ኖሮ ያ ተስፋ ዛሬም ሳይፈተን ይቆይ ነበር።

ይህ መንገድ ሊሻሻል ይችላል። የሚመሳሰሉ ቤተሰቦችን እያጣመሩ ማነጻጸር አንዱ ነው። በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲመዘን ይህ ዓይነት ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው የተመረጠው በዕጣ ሳይሆን በማኅበረሰቡ ስለሆነ ነው። የሚታየውን ነገር፣ የመሬት ስፋት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የከብት ቁጥር፣ ማመሳሰል ትችላላችሁ። ትጋትን፣ ዕውቀትን፣ ከቀበሌ ሊቀመንበሩ ጋር ያለን ቅርበት ግን መጠይቅ አይዘውም። ሌላ መንገድ ከሌላችሁ ብቻ ያዙት፣ ስትጽፉም የማይታየው ነገር ወደ የትኛው ወገን ሊያጋድል እንደሚችል በግልጽ ጻፉ።

ዕጣ

ዕጣ ስል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የአዲስ አበባውን ዕጣ ኢኮኖሚስቶች ለጥናት ተጠቅመውበታል፣ ምክንያቱም ቤት የደረሰውንና ያልደረሰውን የለየው ዕድል ብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች በሀብት፣ በትጋት፣ በዘመድ በአማካይ እኩል ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት የቤቱ ውጤት ነው።

ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረች። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩና ጤና ጣቢያ ለሚመላለሱ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ይሰጣል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማዳረስ ስላልተቻለ ከ506 መንደሮች 320ው በዕጣ መጀመሪያ ጀመሩ፣ 186ቱ ቆዩ። የተማሪው ቁጥር ጨመረ፣ በተለይ የሴት ልጆች። መንግሥት በ2000 ሲለወጥ፣ አዲሱ መንግሥት የቀድሞውን ሥራ ጠራርጎ የመጣል ልማድ ቢኖርም፣ ይህን ፕሮግራም አስቀጠለው። ማስረጃው እጅ ላይ መኖሩ ረድቶታል። ብዙ አገሮችም ወሰዱት። አንድ ጥናት የዓለምን ፖሊሲ እንዲህ ሲገፋ ማየት ደስ ይላል።

ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ኃጢአት አይደለም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከልብ ሊወሰድ ይገባል። ገንዘቡ ለሁሉም የሚበቃ ከሆነ አዎ፣ ተገቢ አይደለም። የማይበቃ ከሆነ ግን አንድ ሰው መምረጡ አይቀርም። በዕጣ ካልሆነ በትውውቅ ይሆናል። ለእኔ ዕጣው ይበልጥ ፍትሐዊ ነው፣ በተለይ ሕዝብ ፊት ሲወጣ።

ዕጣ የማያዋጣባቸው ቦታዎች ግን አሉ። ዋናው ውጤቱ ድንበር ሲሻገር ነው። በ1998 በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ አካባቢ በ75 ትምህርት ቤቶች የሆድ ትል መድኃኒት በተራ ተሰጠ። ከትምህርት የሚቀረው ልጅ ቁጥር በሩብ ያህል ቀነሰ። አጥኚዎቹ፣ ኤድዋርድ ሚጌልና በኋላ ኖቤል የተሸለመው ማይክል ክሬመር፣ ያዩት ሌላ ነገር ግን መድኃኒት ያልወሰዱ ጎረቤት ልጆችም መሻላቸውን ነው፣ ትሉ ከልጅ ወደ ልጅ መተላለፉን ስለቀነሰ። ልጅን ከልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢያወዳድሩ ኖሮ ጥቅሙ አንሶ ይታይ ነበር። (በዚህ ጥናት ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ፣ ሁለቱንም ወገን ማንበብ ይጠቅማል።) ወደ ጣና ስንመለስ፣ ዘመቻ የሚገባባቸውን የሐይቅ ዳር ቀበሌዎች በዕጣ ብንመርጥ ነፋሱ የደምቢያን እምቦጭ ወደ ፎገራ ሊያመጣው፣ ከፎገራም ሊወስደው ይችላል። የጸዳው ዳርቻ ተመልሶ ይሸፈናል። ያልጸዳውም በነፋስ ይለቀቃል። እዚህ ላይ የቀበሌ ዕጣ ይከሽፋል፣ አትሞክሩት።

ሌላው ከናሙና ጋር የተያያዘ ነው። በ2 ቀበሌ በድምሩ 1,000 ሰው ከመጠየቅ በ50 ቀበሌ በየቀበሌው 20 ሰው መጠየቅ እጅግ ይበልጣል። ዕጣው የወጣው ለቀበሌ ከሆነ፣ ሁለት ቀበሌ ማለት ሁለት ዕድል ብቻ ነው። አንዱ ቀበሌ በረዶ ቢመታው ጥናቱ አለቀለት። ይህን ነገር የሚዘነጉ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ፣ ያሳዝነኛልም፣ ምክንያቱም ድካሙ ያው ነው።

ዕጣ የሚሰጠው ትልቁ ነገር የምናምነውን ነገር መፈተኑ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለባት ከተማችን «ፋብሪካ ሲመጣ ወጣቱ ኑሮው ይለወጣል» የሚለው ንግግር የተለመደ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ዘንድ ሥራ ካመለከቱት መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ አስወሰኑ። በመጀመሪያው ወር ብቻ ሲሶ ያህሉ ሥራውን ለቀቁ። ዓመቱ ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሄደዋል። የፋብሪካው ሥራ ካልተቀጠሩት የተሻለ ገቢ አላመጣም፣ የጤና ችግር ግን ጨምሯል። ይህ ፋብሪካ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ደመወዙንና የሥራ ቦታውን ደኅንነት ሳናይ የተቀጠረ ሰው ቁጥር ብቻ እንዳንቆጥር ያስጠነቅቃል።

በተራ ሲዳረስ

አገራችን ውስጥ አብዛኛው ፕሮግራም የሚዳረሰው በተራ ነው። ዘንድሮ ይህ ወረዳ፣ ከርሞ ያኛው። ለባሕር ዳር አንባቢ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ዘዴ ከዚህ ይወጣል። ቀድሞ የደረሰውንና ገና ያልደረሰውን ትይዛላችሁ። ሁለቱንም በፊትና በኋላ ትለካላችሁ። ከመጀመሪያው ለውጥ ላይ የሁለተኛውን ለውጥ ትቀንሳላችሁ። ዝናቡም፣ የዋጋ ንረቱም ሁለቱን እኩል ስለሚመታ በመቀነሱ ይጠፋል።

የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በአማራ ክልል በ2000ዎቹ መጀመሪያ መሰጠት ሲጀምር ሁሉም ቀበሌ አንድ ቀን አልደረሰውም። ይህን ተራ የተጠቀመ ጥናት በ2011 ታተመ። ደብተር ቀድመው ያገኙ ቤተሰቦች «መሬቴ ይወሰድብኛል» የሚለው ስጋታቸው ቀነሰ። እርከንና መሰል የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ የሚያውሉት ጉልበት ጨመረ። መሬት ማከራየትም በዛ። ደብተሩ የባልና የሚስት ስም የያዘ፣ ወጪውም በዓለም ደረጃ ሲታይ አነስተኛ የሆነ ፕሮግራም ነው። ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሲጠቅሱት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ተኩላ ሳይመጣ አጥር ያጠረ ገበሬ ተረጋግቶ እንደሚተኛ ሁሉ፣ መሬቱ የእሱ መሆኑን ያወቀም ለከርሞ ያስባል። ዋናው ነገር ግን ይህ ዕውቀት የመጣው የሐሳብ ክርክር ስለተካሄደ ሳይሆን አንድ ሰው ተራውን ልብ ብሎ ስለተጠቀመበት መሆኑ ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። በ1854 ለንደን ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሁለት የውኃ ኩባንያዎችን አነጻጸረ። አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ውኃ የሚቀዳበትን ቦታ ከከተማው ቆሻሻ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛውሮ ነበር፣ ሌላው አላዛወረም። የሞት ልዩነቱ ውኃው ላይ ጣቱን ጠቆመ። በዘመናችን ደግሞ ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር በ1992 ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ፣ አጠገቧ ካለችው ካልጨመረችው ፔንስልቬንያ ጋር 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጸሩ። መጽሐፉ ሁሉ ሥራ ይቀንሳል ይል ነበር፣ እነሱ ግን ቅነሳ አላገኙም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ካርድ በ2021 ኖቤል ሲቀበል ክሩገር በሕይወት አልነበረም።

የዚህ ዘዴ ደካማ ጎን አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። ፕሮግራሙ ባይመጣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይራመዱ ነበር ብለን እናምናለን። ፎገራ ላይ የተሻሻለ የሩዝ ዘር መጀመሪያ የደረሰው አስፋልት ዳር ላሉ ቀበሌዎች ነው እንበል። እነዚህ ቀበሌዎች ዘሩ ሳይመጣም በፍጥነት እያደጉ ከነበረ ንጽጽሩ ያታልላል። ስለዚህ ከፕሮግራሙ በፊት ያሉትን ጥቂት ዓመታት መስመር ሥላችሁ እዩ። መስመሮቹ ጎን ለጎን ከሄዱ ቀጥሉ። ካልሄዱ ሌላ ማነጻጸሪያ ፈልጉ። የቀደመ ዳታ ከሌላችሁ ደግሞ «ቅድሚያው ለማን፣ ለምን ተሰጠ?» ብላችሁ ወረዳውን ጠይቁ። የዚያ መልስ ከማንኛውም ቀመር በላይ ይረዳችኋል።

ነጥብ ሲወስን፣ አንድ ብቻ ሲሆን

አንዳንዱ ነገር በማለፊያ ነጥብ ይወሰናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። 50.5 ያመጣና 49.5 ያመጣ ተማሪ በችሎታ ምንም ያህል አይለያዩም። አንዱ ቀጥታ ገባ፣ ሌላው በአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለፈ ወይም ቤት ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያለው የኑሮ ልዩነታቸው የመንገዱን ዋጋ ይነግረናል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የገጠር መንገድ ቅድሚያ የተሰጠው ከተወሰነ የሕዝብ ቁጥር በላይ ላላቸው መንደሮች ነበር። በ2020 የታተመ ጥናት ከወሰኑ በላይና በታች ያሉትን አነጻጸረ። መንገዱ ሰዎች ከእርሻ ወጥተው ሌላ ሥራ እንዲይዙ ረዳ፣ የመንደሩን የእርሻ ገቢና ሀብት ግን ብዙ አልቀየረም። መንገድ ሁሉን ይፈታል ለምንል ሰዎች ይህ ጠቃሚ ነው።

ይህን ዘዴ ስትይዙ አንድ ነገር አረጋግጡ። ሰው ነጥቡን መነካካት ይችላል? ከወሰኑ በላይ ድንገት ቁጥሩ ከተቆለለ አንድ ሰው እጁን አስገብቷል ማለት ነው፣ ዘዴውም አይሠራም። ደግሞም የሚነግራችሁ ወሰኑ አጠገብ ስላሉት ብቻ ነው።

አንድ ከተማ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ሕግ ብቻ ሲሆንስ? በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድያችንን ውሰዱ። ማነጻጸሪያ ሁለተኛ ባሕር ዳር የለም። ካሊፎርኒያ በ1988 በሕዝብ ድምፅ በፓኮ ሲጋራ ላይ 25 ሳንቲም ቀረጥ ስትጥል ኢኮኖሚስቶቹ ያደረጉት ከ38 ሌሎች ክፍለ ግዛቶች እያመዛዘኑ ቀላቅለው ከቀረጡ በፊት ካሊፎርኒያን የምትመስል ማነጻጸሪያ መሥራት ነበር። ለእኛ ድልድይ ጎንደርን፣ ደሴንና ሀዋሳን ማመዛዘን ይታሰባል። ግን በዚያው ጊዜ ክልሉ ግጭት ውስጥ ነበር፣ ሀዋሳ ደግሞ ያን አላየችም። ስለዚህ የድልድዩን ውጤት በዚህ ዘዴ ለማውጣት የሚነሳ ሰው ካለ እንዲታገስ እመክራለሁ። የመኪና ቁጥርና የጉዞ ደቂቃ መለካት ለጊዜው የሚበቃ ሐቀኛ ሥራ ነው።

ሠርቷል ማለት ያዋጣል ማለት አይደለም

ፖሊሲው ሠራ ብለን ብንጨርስ እንኳ ወጪው ይቀራል። እዚህ ላይ ዘወትር የሚዘለለው የሰው ጉልበት ነው። ገበሬው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ አረም ሲነቅል ክፍያ ስላልተሰጠው በሪፖርቱ ወጪው ዜሮ ይባላል። ነገር ግን ጤፉ ማሳ ላይ ነው፣ አጨዳው ደርሷል። የዘመቻው ቀን የቀረ የአጨዳ ቀን ነው። ይህ መቆጠር አለበት፣ ለገበሬው ክብር ሲባልም ጭምር። በእጅ፣ በማሽንና በጥንዚዛ ማስወገድን ስታወዳድሩ በሄክታር የሚወጣውን ብር ብቻ ሳይሆን የሰው ቀንን በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ተምኑና ጨምሩ። ደግሞም ከሦስት ዓመት በኋላ ያለውን እዩ እንጂ በማግሥቱ ያለውን አይደለም።

ዋጋ ራሱም ፖሊሲ ነው። ኬንያ ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶች አጎበር በነፃ ሲሰጣቸውና 60 የአሜሪካ ሳንቲም ሲጠየቁ ያለው ልዩነት ተጠንቷል። ትንሿ ዋጋ ፈላጊውን በ60 የመቶኛ ነጥብ ጣለችው። የከፈሉትም ከነፃ ወሳጆች የበለጠ አልተጠቀሙበትም። «በነፃ የተሰጠ ነገር አይከበርም» ለሚለው አባባል ይህ ጠንካራ መልስ ነው።

ዳታውን ከየት?

የራስን መጠይቅ ማዘጋጀት ውድ ነው። መጀመሪያ ያለውን ፈልጉ። የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ዳሰሳ፣ በዓለም ባንክና በስታቲስቲክስ ተቋሙ የሚካሄደው፣ ከ2011/12 ጀምሮ አንዳንድ ቤተሰቦችን እየደጋገመ ይጠይቃል፣ ማሳውንም በጂፒኤስ ይለካል። በነፃ ይወርዳል። ለእርሻ፣ ለገቢና ለምግብ ጥያቄ ምርጫዬ ይህ ነው። ለእናቶችና ሕፃናት ጤና የ2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች አሉ። የቢሮ መዝገብ ርካሽና ብዙ ነው፣ ግን ዕቅድ ማሟላት ያለበት ሰው የሞላው መሆኑን አትርሱ። ሳተላይትን ግን ማንም ለምኖ ቁጥር አያስቀይረውም። ሴንቲኔል 2 በ10 ሜትር ጥራት፣ ደመና ካልከለከለው በየአምስት ቀኑ ጣናን ያነሳል። ምስሉም በነፃ ነው። የሐይቁን አረም ለማጥናት የምትነሱ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የተመሳሳይ ወር ምስሎችን ከዓመት ዓመት አስተያዩ፣ ከዝናቡና ከሐይቁ ከፍታ ጋር።

አገር ከአገር ስታነጻጽሩ መለኪያው ራሱ ይንቀሳቀሳል። የዓለም ባንክ የከፋ ድህነት ወለል በ2015 በቀን 1.90 ዶላር ሆነ፣ በ2022 2.15፣ በ2025 ደግሞ 3 ዶላር። ወለሉ ሲነሳ የድሃ ቁጥር በአንድ ቀን ይጨምራል፣ ማንም ሳይደኸይ። የአገራችን የራሷ የድህነት መጠን በ2003 ዓ.ም. 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ የተባለው በሌላ ወለል ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አታስገቡ።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልም። ስታታ በኢኮኖሚክስ ክፍሎች የተለመደ ነው፣ ግን ይከፈልበታል። አር ነፃ ነው፣ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ይሠራል፣ አዲስ ለሚጀምር እሱን እመክራለሁ። ከምስል ጋር ለሚሠራ ፓይተን ይቀናል። ጥቂት መቶ ቤተሰብ ላይ ለሚሠራ ቀላል ልዩነት ኤክሴልም ያደርሳል።

መረጃ ስታዋህዱ ዓመቱን ተጠንቀቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ አብዛኛው የዓለም ዳታ ጥር ላይ፣ የእኛ ዘመን መለወጫ መስከረም ላይ። «2016» የሚል ዓምድ ከወረዳ ሲመጣ የትኛው 2016 እንደሆነ፣ የበጀት ዓመትም ይሁን የዘመን አቆጣጠር ዓመት፣ መጠየቅ አለበት። ሁለቱን ፋይል ከማዋሃዳችሁ በፊት በሁለቱም አቆጣጠር ወርና ዓመት የሚይዙ ዓምዶችን ጨምሩ። ስፋት በጥማድ፣ እህል በቁና ወይም በጣሳ ከተመዘገበም የዚያን አካባቢ ልኬት ለክታችሁ ወደ ሄክታርና ኪሎ ቀይሩ፣ የአንዱ ወረዳ ቁና ከሌላው ጋር እኩል ላይሆን ይችላልና።